ለሂሩት የነገርኳት እውነተኛ ቀን

ከአገሬ የወጣሁት በጠራራ ፀሐይ ነው። ታክሲው ራስ መኮንን ድልድይ ላይ በመኪና መጨናነቅ ቆሟል፤ እናቴ ከጎኔ ተቀምጣ እጄን ይዛለች። የስፌት ቤቴ ከዚያ ይታያል። በሩ ተዘግቷል። «አትዪው» አለችኝ። አየሁት።

አገር ቤት ያላችሁ «ሥራ እያላት ምን ሆና ሄደች?» እንደምትሉ አውቃለሁ። ልንገራችሁ።

ጫማ የምንሠራው በቅብብል ነበር። የውጭ ገዢዎችን ትእዛዝ የሚቀበል ኩባንያ አለ፤ ራሱ ግን አይሠራም፣ ለእኛ ለትንንሾቹ ያከፋፍላል። ሂሩት ቆዳውን ትቆርጣለች፣ እኔ ከአራት ሴቶች ጋር እሰፋለሁ፣ ጋሽ ሽኩር ሶሉን ይለጥፋሉ። አንዱ ከዘገየ ሁላችንም ዘገየን። ስለዚህ ሁሉም ለክፉ ቀን ብሎ ሁለት ሦስት ቀን ጨምሮ ነው የሚናገረው፤ ሥራው መቼ እንደሚያልቅ የሚያውቅ አልነበረም።

«እርስ በርሳችን እንኳን እውነቱን እንነጋገር» ብዬ የለመንኩት እኔው ነኝ። ጋሽ ሽኩር ሳቁብኝ። «አንቺ ልጅ፣ ይሄ የዋህነትሽ ያስፈራኛል።» እኔ ግን ለሂሩት ነገርኳት። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አብራኝ ያደገች ናት፤ ከእሷ ምን ልደብቅ? «ስምንት ቀን ብያቸዋለሁ፣ በስድስት እጨርሳለሁ» አልኳት።

በሚቀጥለው ትእዛዝ የኩባንያው ሥራ አስኪያጅ አስጠራኝ።

«ስድስት ቀን ይበቃሻል አሉ።»

«ማን አለ?»

«ሂሩት ናታ! የተረፈውን ሁለት ቀን ለእሷ ሰጥተናታል።»

እሱም አልበቃትም፤ ቆዳው በተባለው ቀን አልመጣም። ሴቶቹ ማሽናቸው ፊት እጃቸውን አጣጥፈው ሦስት ቀን ተቀመጡ። ትእዛዙ ሲዘገይ ጥፋቱ የስፌቱ ሆነ፤ ሥራውን ቀሙኝ። ለማን እንደሰጡት የገባኝ ሂሩት ቤት ስሄድ ነው። አዳዲስ የስፌት ማሽኖች ተክላለች፤ ከሴቶቼ ሁለቱ እዚያ ተቀምጠዋል። ቀና ብለው አላዩኝም።

እዚህ ኢስታንቡል ሥራ ያገኘሁት ምድር ቤት ባለ ልብስ ስፌት ውስጥ ነው። አለቃችንን «ኡስታ» እንለዋለን፤ ከአፉ «ቻቡክ» አይጠፋም፣ ፍጠኚ ማለት ነው። ዝናባቸው እንደ ሐምሌያችን ዱብ ብሎ አይገላግልም፣ ቀኑን ሙሉ ሲያለቃቅስ ይውላል። የምስር ሾርባ አላቸው፤ ለእኔ የበሽተኛ ምግብ ነው። የቤቴ ቧንቧ ሲያፈስ አከራዬ «ነገ ይሠራል» አለኝ። በሳምንቱ ጠየቅኩት።

«ነገ አላልኩሽም?»

«ያ ነገ አለፈ እኮ!»

«ይሄኛው ነገ ገና አልመጣም» አለኝ፣ ደረቱን ነፍቶ።

ሳቄ መጣ። እሱ ቢያንስ ፊት ለፊቴ ነው የሚዋሸኝ።

ባለፈው እሑድ ሂሩት ደወለች፤ ከአገር ከወጣሁ ወዲህ የመጀመሪያዋ ነው። ሰላምታውን እንኳ በቅጡ አልጨረሰችም።

«ኩባንያው ሥራ ማስተባበሩን ለእኔ ሰጠኝ። ማንም እውነተኛ ቀኑን አይነግረኝም። አንቺ ያኔ እውነቱን እንነጋገር ስትዪን ምን ብለሽ ነበር የለመንሽን?»

«መጀመሪያ የራሴን ነገርኩሽ።»

ይቅርታ ልትለኝ መስሎኝ ጠበቅኩ። አላለችም። መንገድ ላይ ሆና ነው መሰል፣ ከኋላዋ የታክሲ ረዳት «ስድስት ኪሎ! ስድስት ኪሎ!» ይላል፣ ጥሩምባ ይጮኻል፣ አንዲት ሴት ቲማቲም እያስመረጠች ትከራከራለች። ስልኩን ጆሮዬ ላይ አጥብቄ ያዝኩት።

«ልዝጋው?» አለችኝ።

«አትዝጊው» አልኳት። «ግን አትናገሪ።»