ሹክሹክታ የማያባርራቸው ወፎች

በጦርነቱ ጊዜ ማሽላው ባሸተበት ሰሞን ከተማችን መርሳ በታጣቂዎች እጅ ነበረች። መብራትና ኔትወርክ ከጠፉ ሰንብተዋል። የአባቴ ማሳ ያለው ከከተማዋ ውጭ፣ ግራና የምትባል ገጠር ነው። መንገዱ ተዘግቶ፣ የዓመት ቀለባችንን ወፍ እየለቀመው እንደሆነ እያወቁ ቤት ተቀምጠዋል።

ወትሮ ከማማው ላይ ሆነው የሚለቁት "ሃይ!" ወንዝ ማዶ ያለውን ሰው ሳይቀር ያስደነግጥ ነበር። አሁን ግን ውሃ እንኳ የሚጠይቁን በሹክሹክታ ነው። ከፍ ያለ ድምፅ የማንፈልገውን ሰው ወደ በራችን ይጠራል ብለን ሁላችንም ፈርተናል። እሳቸውን እንዲህ ማየት አንጀቴን ይበላኝ ነበር።

እኔ ጌም ለመሥራት የምፍጨረጨር ሰው ነኝ። ላፕቶፔን በጎረቤት ሶላር ቻርጅ እያደረግሁ በድምፅ የሚሠራ ጨዋታ ጀመርኩ። ማሽላ ላይ ወፎች ይሰፍራሉ፤ ተጫዋቹ ሲጮህ ይበርራሉ። ታዲያ በከፈትኩት ቁጥር ይዘጋብኛል። ለካ እኔ ጅሉ፣ ኮምፒውተሩ ድምፅ መቀበያ ይኑረው አይኑረው ሳልጠይቅ በቀጥታ "ቅዳ" እያልኩት ኖሯል። ጨዋታው ሲከፈት መጀመሪያ ስንት ማይክሮፎን እንዳለ እንዲጠይቅ አድርጌ ጻፍኩት። መልሱ ዜሮ ሆነ። የላፕቶፑ ማይክ ለካ ከሞተ ቆይቷል። የስልክ ኢርፎን ሰክቼ ደግሜ ሳስጠይቀው "አንድ" አለኝ፤ ብቻዬን ሳቅሁ።

አባቴን ጠራኋቸው።

"አባባ፣ እስቲ እዚህች ላይ ሃይ ይበሉ።"

"ሃይ" አሉ በሹክሹክታ። አንድም ወፍ አልተነቃነቀም። ወፎቹን የሚያስነሳውን የድምፅ ልክ ዝቅ አደረግሁና እንዲደግሙት ለመንኳቸው። አሁን ያችው ሹክሹክታ በቃች፤ ወፎቹ ብር ብለው ጠፉ። ደስ ይላቸዋል ስል ተቆጡ።

"በሹክሹክታ የሚሄድ ወፍ የት ነው ያየኸው? እኔን አታሞኘኝ!"

ልኩን ወደ ነበረበት መለስኩት። ስክሪኑን አዩ፤ በሩን አዩ። ከዚያ ከአልጋው ላይ ወፍራሙን ብርድ ልብስ ስበው፣ የኢርፎኑን ማይክ እንደያዙ እስከ ጉልበታቸው ተከናነቡ።

"ሃይ!"

ታፍኖም ቢሆን የድሮው የማማው ድምፅ ነበር። ስክሪኑ ላይ አንድ ወፍ አልቀረም።

ብርድ ልብሱን ገለጥ ሲያደርጉ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። "ያ አላህ፣ የግራናዎቹ ወፎችም እንዲህ በሰሙኝ" አሉ።

ከዚያ ተመልሰው እየተከናነቡ፣ "በል መልሳቸው፤ ገና አልጨረስኩም" አሉኝ።