ዋሴ የቀጠቀጠው ባሌስትራ

«ማንን ጠራ?» ተብዬ ስጠየቅ ስሙን ብቻ ተናግሬ ለምን ዝም አልኩ? የቀረውን ለመናገር አንድ ትንፋሽ ይበቃኝ ነበር። ይህን ጥያቄ ስንት ጊዜ ለራሴ አቀረብኩ። ነገሩን እስከ ዛሬ በጽሑፍ አላሰፈርኩትም። ከንስሐ አባቴ ሳይቀር ደብቄ ቆርቤአለሁ። እናንተ አታውቁኝም፤ ሳታዝኑልኝ ስሙኝ።

ዘመኑ የጃንሆይ ነው፤ አገሩ ደብረ ማርቆስ። ታላቅ ወንድሜ ጋሼ ይስማው ወላጆቻችን ካረፉ በኋላ ያሳደገኝ፣ እኩዮቼ ሁሉ ተድረው ሳለ እኔን ከሕፃናት ጋር አንደኛ ክፍል ያስገባኝ ሰው ነው። በቅሎውን ሸጠና ሉማሜ አጠገብ መንገድ ሠሪዎች ጥለውት የሄዱትን አሮጌ ፒካፕ ገዛ። በበሬ አስጎትቶ አመጣው። ሰፈሩ ሳቀበት፤ «ይስማው ዘንድሮ በመኪና ሊያርስ ነው!» አሉ።

መኪናው ከሞተሩ በቀር የረባ ነገር አልነበረውም። የጋሼ አቅም ትንሽ ስለሆነ የሚገዛው በእጅ የማይሠራውን ብቻ ነው። የጭነት ሳጥኑን ከባሕር ዛፍ ጣውላ መታው። መቀመጫው ጭድ የተጠቀጠቀበት ጆንያ ሆነ። ማራገቢያውን የሚያዞረው ቀበቶ፣ ቺንጋው፣ ሲበጠስ ጠፍር አሰረበት። ያቃተው ባሌስትራው ነበር፤ መኪናውን ከነጭነቱ የሚሸከመው ድርብርብ ብረት። የነበረው ተሰባብሯል፤ አዲሱ የሚመጣው ከአዲስ አበባ ነው፤ ዋጋው አይቀመስም። ያለ እሱ ደግሞ ወደ ይጁቤ የሚወስደውን ድንጋያማ መንገድ ማለፍ ዘበት ነው።

ዋሴ የመጣው ያኔ ነው። ዋሴ ከከተማው ዳር የሚኖር ቀጥቃጭ ነበር፤ ማረሻና ማጭድ ይሠራል። በእኛ አገር ቀጥቃጭ ከነቤተሰቡ ቡዳ ነው፣ በዓይኑ ሰው ይበላል ይባላል። ማረሻውን ይወስዱለታል እንጂ ማዕዱን አይቀርቡለትም። ጋሼ ግን አብሮት በላ። ከተገለበጡ መኪናዎች የለቀሙትን ብረት ዋሴ እያጋለ፣ እየቆለመመ፣ በኑግ ዘይት እያበረደ ደረደረው። ዘይቱን የሚወስደው ከሚስቱ ከየሺ ጓዳ ነው። «ይኸው፣ የዛሬው ምሳህም ባሌስትራ ነው፤ አላምጠህ ዋጠው» ትለው ነበር።

ጋሼ ቃል ገባ፦ መኪናው ሲነሣ የሁለታቸው ይሆናል፤ ዋሴ ከፊት፣ ከጎኑ ይቀመጣል።

ያቃጠለኝ ይህ ነው። ከዚህ የከበደ ምክንያት ባገኝ በወደድኩ፤ የለኝም። የፊቱ መቀመጫ ጠባብ ነው። በዚያ መኪና ትምህርት ቤት ደጃፍ ስወርድ አልም ነበር፤ ትከሻዬ ከቀጥቃጭ ትከሻ ተጣብቆ ስወርድ ግን ማየት አልፈለግኩም። ዋሴም ገብቶታል። «አይዞሽ ተማሪዋ፣ እኔ ከኋላ ከጆንያው ጋር እሄዳለሁ። ጆንያ አይጸየፈኝም» አለኝ። ጋሼ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። በቡዳ አምን ነበር? አላምንም ነበር። ባምን ኖሮ ኃጢአቴ በቀለለ።

መኪናው ሊነሣ ጥቂት ሲቀረው ጋሼ ብረት ፍለጋ ዓባይ በረሃ ወርዶ ሰነበተ፤ ሲመለስ ወባ ይዞት መጣ። ወባ መሆኑን አውቄአለሁ። በመጽሐፌ አንብቤዋለሁ፤ ከሐኪም ቤት ኪኒን አምጥቼ ያዋጥኩትም እኔ ነኝ። የጎረቤት ሴቶች ግን አጠኑት። ቡዳ የበላው ሰው ሲታጠን ይለፈልፋል፣ የበላውን በስሙ ይጠራል ይባላል። ጋሼ ላብ በላብ ሆኖ ሲቃዥ ከራስጌው የነበርኩት እኔ ብቻ ነበርኩ።

«ዋሴን ጥሩልኝ» አለ። «የኋላው ብሎን አልጠበቀም። እሱ ሳይመጣ እንዳታስነሱት።»

ጎረቤታችን እትዬ ጥሩወርቅ በበሩ ብቅ አሉ። «ለፈለፈ እንዴ? ማንን ጠራ፣ ልጄ?»

«ዋሴን» አልኩ።

አልዋሸሁም። እኔ በቃል ጠንቃቃ ነኝ፤ ያን ቀንም ተጠነቀቅኩ።

ወንዶቹ ሮጡ። ዋሴን ሸሚዙን ቀድደው፣ አፍንጫውን አድምተው እየጎተቱ አመጡት። የበላው ሰው እንትፍ ካለበት በሽተኛው ይድናል ይባላልና «ትፋ! ትፋ!» እያሉ ይደበድቡታል። እሱ ወደ እኔ ዞረ።

«እሱ ራሱ ነው ያለው?»

«ስምህን ጠርቷል።»

ዋሴ ጓደኛውን ቆም ብሎ አየው። «እንግዲህ የሚያድንህ ከሆነ» አለና ጎንበስ ብሎ ተፋበት። በማግስቱ ትኩሳቱ ለቀቀ። ኪኒኑ እንደ ሠራ የማውቅ እኔ ነበርኩ፤ ዝም አልኩ። ሰፈሩ እልል አለ። ጋሼ ልቡ ሲመለስ የማንንም ወሬ አላመነም፤ እኔን ጠራኝ። «አንቺ ውሸት አታውቂም። እውነት ስሙን ጠርቻለሁ?»

«ጠርተሃል።»

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ከዚያ በኋላ ለዋሴ ማረሻ የሚያመጣ ጠፋ። ወናፉን ቀደዱበት። የሺ ውኃ ልትቀዳ ስትወርድ እንስራዋን ሰበሩባት። መኪናው ተነሣ፤ እኔም ከፊት ተቀመጥኩ። ወደ ሉማሜ ስንሄድ ዋሴና የሺ ጓዛቸውን ተሸክመው፣ ሴት ልጃቸውን አዝለው በመንገዱ ዳር ሲሄዱ ደረስንባቸው። ጋሼ እግሩን ከነዳጁ ላይ አነሣ።

«ሂድ፣ ጋሼ» አልኩት።

ሄደ። ዋሴ ወደ ፊታችን አላየም። ጎማው ጉድጓድ ሲገባ ባሌስትራው እንዴት እንደሚተጣጠፍ ጎንበስ ብሎ ያይ ነበር። ብረቱ ቻለን። አቧራችን አለበሳቸው።

ጋሼ በዚያ ብረት ላይ ዓመታት ነድቶ፣ ጓደኛዬ በላኝ እንዳለ ሞተ። አልነገርኩትም። እንዳላሳዝነው ነው ልበል? አይደለም። እንዳይጠላኝ ነው።

በመጨረሻ የተናገርኩት አስተማሪ ሆኜ ይጁቤ የተመደብኩ ጊዜ ነው። በገበያ ቀን የሺን ጌሾ ስትሸጥ አገኘኋት። አርጅታለች። ዋሴ መሞቱን፣ ልጃቸውን እዚያው መዳሯን ነገረችኝ። እኔም እፊቷ ቆሜ፣ ክፍል ውስጥ በምናገርበት ድምፅ፣ አንዲት ቃል ሳላስቀር ነገርኳት፤ ቀጥቃጭ ስለሆነ እንደ ተጸየፍኩት፣ ቡዳ ያስባልኩት እኔ እንደሆንኩ፣ ጋሼ ያለውን ሙሉውን። የሺ ክንዴን ይዛ «ቀስ በይ፣ በማርያም ቀስ በይ» ትለኛለች። የምታለቅስ መስሎኝ ድምፄን ይበልጥ ከፍ አደረግኩ። አንድ ጊዜ እንኳ ምንም ላልደብቅ ቆርጬ ነበር።

ስጨርስ በዙሪያችን ያለው ገበያተኛ ሁሉ ወደ እኛ ዞሯል። ከየሺ ጎን ሕፃን ታቅፋ የተቀመጠች ሴት ነጠላዋን አንሥታ የሕፃኑን ፊት ከየሺ ሸፈነች። ተነሥታም ራቅ ብላ ተቀመጠች።

«የልጄ አማት ናት» አለችኝ የሺ ቀስ ብላ። «ሕፃኑ የሁለታችን የልጅ ልጅ ነው። እዚህ ማን እንደሆንን የሚያውቅ አልነበረም።»

የሄድኩት ይቅርታ ልጠይቃት ነበር። አልጠየቅኩም። እናንተንም አልጠይቅም።