ለብ ያለው ውኃ

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለነፍስ አባቴ እንኳ ሌላ ሌላውን ዘርዝሬ እዚህ ላይ ስደርስ ምላሴ ይያዛል። አንተ ግን አታውቀኝም፤ ስለዚህ ስማኝ።

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ ለንደን ስገባ ያስጠጉኝ እትዬ በላይነሽ ናቸው። ኬንቲሽ ታውን ከመንግሥት በተከራዩት የካውንስል ቤታቸው ሶፋ ላይ አስተኝተው፣ አብልተው አጠጥተው ሰው አደረጉኝ። ስኳር ነበረባቸው፤ ግራ እግራቸው ላይ ያለው ቁስል አልድን ብሎ ያንገላታቸው ነበር።

እኔ ሥራ ያገኘሁት ከለንደን በባቡር ወጣ ብላ ባለች የባሕር ዳርቻ ከተማ፣ ጨርቅ የሚያቀልም ፋብሪካ ውስጥ ነው። ሥራዬ ምን ነበር? የቀለሙን ፍል እጣቢ በቱቦ ወደ ባሕሩ መልቀቅ። ቫልቩን እከፍታለሁ፣ እዘጋለሁ። ዓሣው ሞቶ ሲንሳፈፍ፣ አሸዋው ሲጠቁር በዓይኔ አይቻለሁ። አለቃዬ ያየኸውን እዚሁ ተወው አለኝ፤ እኔም ተውኩት። ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ግን የምሠራው ውብ የባሕር ዳርቻ ነው እያልኩ ጉራዬን እነዛ ነበር።

ታዲያ በፍልሰታ ጾም ቄሱ ውኃ ባርከው ሕዝቡን ሊያጠምቁ ጉዞ ሲታሰብ፣ አገሩን የምታውቀው አንተ ነህ፣ ምራን ተባልኩ። መራኋቸው።

ፀሐይ የወጣበት ቅዳሜ ነበር። ፈረንጁ እርቃኑን ለመሆን ጥቂት ሲቀረው ዳርቻውን ሞልቶታል። ቄሱ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለው፣ «እዚህማ ጠበል አይሆንም፤ ሰው የሌለበት ፈልጉ» አሉ። ነጠላ የለበሱት እናቶች ቀድመው ሄዱና ጭር ያለ ቦታ አገኙ። ለምን ጭር እንዳለ ከመሃላችን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። የፋብሪካው ቱቦ በውኃው ሥር ሄዶ የሚያበቃው እዚያ ስለሆነ፣ ያገሬው ሰው ዝር አይልበትም።

እትዬ በላይነሽ የቁስሉን ፋሻ ፈትተው እግራቸውን ነከሩ። «እዩት፣ ለብ ብሏል» አሉ። «ለኔ ብሎ ነው ያሞቀው።» ሰዉ እልል አለ።

አፌን ከፈትኩ። ቄሱ መስቀላቸውን ውኃው ውስጥ ሲያጠልቁ አየሁና መልሼ ዘጋሁት። ለምን? የጥገኝነት ኬዜ ገና ሆም ኦፊስ ነበር፤ ሥራዬን ካጣሁ ካገር ያባርሩኛል ብዬ ፈራሁ። ይህ ሰበብ ነው። እውነቱን ልንገርህ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት የኔ ፋብሪካ እጣቢ ነው ለማለት አፍሬ ነው። «አንተስ አትጠመቅም?» ሲሉኝ ጉንፋን ይዞኛል አልኩ። ጫማዬን እንኳ አላወለቅሁም። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ትፈልጋለህ?

ሳምንት ሳይሞላ እግራቸው አበጠ። ጠበሉ እምቢ ያለኝ ኃጢአቴ ቢከፋ ነው ብለው በዚያው እግር ይሰግዱ ጀመር። እኔ ሶፋው ላይ ቁጭ ብዬ አየሁ። ሐኪም ቤት ሲገቡ እግራቸው ከጉልበት በታች ተቆረጠ። ሐኪሞቹ ስኳሩ ነው አሉ። ይሆናል። ስለ ውኃው ግን ለሐኪሞቹ ነገርኳቸው? አልነገርኩም። ስለዚህ ስኳሩ ይሁን እጣቢው እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ማወቂያም የለኝም።

አልጋቸው አጠገብ እጄን ይዘው፣ «ልጄ፣ ምን በድዬው ይሆን?» ብለው ጠየቁኝ። ምንም አልበደሉም፣ የበደልኩት እኔ ነኝ ማለት ስንት ቃል ነው?

«እሱ ያውቃል» አልኳቸው።

በማግስቱ ባቡር ተሳፍሬ ሄድኩና ቫልቩን ከፈትኩ። ምን ላድርግ፤ እኔ ብተወው ሌላው ይከፍተዋል እያልኩ ዓመታት ከፈትኩት። ፋብሪካው አሁን ተዘግቷል አሉ። ባሕሩ ይጠራ አይጠራ ሄጄ አላየሁም።

ይቅር በለኝ አልልህም። ይቅር ሊሉኝ የሚችሉት እሳቸው ነበሩ፤ እሳቸው ደግሞ ይቅርታ እየለመኑ ሞቱ።