ራስህ ሰጠኸኝ፣ ራስህ ተቀበልከኝ

የዛሬ አራት ሳምንት እሁድ ከሰዓት፣ ሁምቦ ቆላ ውስጥ ባለች አንዲት ቤተክርስቲያን በር ላይ ቅርጫት ይዤ ቆሜ ነበር...

የጤና ጣቢያ ፋርማሲ ሠራተኛ ነኝ። በየሱቁ እንደ ከረሜላ የሚሸጠው እንክብል ካስመረረኝ ቆይቷል። ጉንፋን ሲይዘው አሞክሳሲሊን የሚገዛው፣ ሆዱን ሲቆርጠው ቴትራሳይክሊን የሚውጠው፣ የተረፈውን ለጎረቤት የሚያውሰው ብዙ ነው። እንክብሉን ከፍተው ዱቄቱን ቁስል ላይ የሚነሰንሱትም አሉ።

ወረዳው «ከኅብረተሰቡ ጋር በቅንጅት ሥሩ» ሲለን፣ የአንድ ለአምስት ስብሰባ ሰልችቶኝ ስለነበር ሰው ወዶ የሚመጣበት ቦታ ይሻላል ብዬ የቤተክርስቲያኗን ወንጌላዊ ጳውሎስን ለመንኩት። ደስ ብሎት ፈቀደልኝ። ሊተረጉምልኝም ተስማማ። ሶዶ ተወልጄ ያደግኩ ብሆንም ወላይትኛዬ ከሰላምታ አያልፍም።

የዚያን እሁድ ጠዋት ስብከቱ እንዳለቀ ተናገርኩ። «ያለ ሐኪም ትእዛዝ የገዛችሁትን እንክብል፣ ከሌላ ሰው የተረፈውን አምጡ። ሐኪም አዞለት የጀመረ ግን ሳያቋርጥ ይጨርስ።» ስለ ጉዳቱም ሳልተነፍስ አከታትዬ አወራሁ። ጳውሎስ በአጭሩ ተረጎመው። ሕዝቡ «አሜን!» አለ።

ከሰዓት ይዘው መጡ። እኔም «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» እያልኩ፣ ፈገግ ብዬ፣ የማንንም ፊት በቅጡ ሳላይ ተቀበልኩ። ቅርጫቱ ሲሞላ ፎቶ አነሳሁት... ደስታዬ ልክ አልነበረውም።

ሰኞ ከሰዓት ለሪፖርት እንክብሉን በየዓይነቱ ስለይ አንድ የመድኃኒት ፖስታ ላይ ዓይኔ ቀረ። ጽሑፉ የራሴ የእጅ ጽሑፍ ነው። «ዳና። አሞክሳሲሊን፣ በየስምንት ሰዓቱ አንድ አንድ።» የተሰጠበት ቀን ዓርብ። ከውስጡ የጎደለው ጥቂት ፍሬ ብቻ...

ወዲያው ትዝ አለኝ። የበቆሎ ገበሬ ነው። ዓርብ ዕለት ሚስቱ ማርታ ደግፋው መጥታ ነበር። የሳንባ ምች ተብሎ ነው የታዘዘለት።

ጳውሎስ ጋ ደወልኩ።

«እሁድ በወላይትኛ ምን ብለህ ነው የተረጎምክልኝ?»

«ያልከውን ነዋ። ይሄ እንክብል ቤተሰብ ይጎዳል፣ ቤታችሁ ያለውን ሁሉ አምጡ አልኩ።»

«ሐኪም ያዘዘለት ይጨርስ ያልኩትስ?»

«ወንድሜ፣ በጣም ፈጠንክብኝ። እሱ አመለጠኝ።»

ልወቅሰው አፌን ከፈትኩና ተውኩት። ፖስታውን የተቀበለው የኔ እጅ ነው።

ጳውሎስ በሞተሩ መጥቶ ወደ ዳና ቤት ወሰደኝ። በዚያ ፀሐይ፣ በዚያ አቧራ፣ መንገዱ አልገፋ አለኝ። አንዴ ፍጠን እለዋለሁ፣ አንዴ ኪሴ ውስጥ ያለውን ፖስታ እዳብሳለሁ። ምን ብዬ ነው የምገባው? ቢሞትስ?

ማርታ ደጅ ላይ አገኘችን። ገና ስታየኝ እጄን ይዛ ወደ ውስጥ አስገባችኝ። ዳና ግድግዳ ተደግፎ ተቀምጧል። መተኛት አልቻለም፣ ትንፋሹ ይቆራረጣል። ሰውነቱ እሳት ነው።

«መድኃኒቱን ለምን መለስሽው?» አልኳት። ጥያቄው ከአፌ ሲወጣ ራሴን አሳፈረኝ። ጳውሎስ በመሃል ሆኖ ተረጎመልን።

«ዶክተር፣ አንተ ራስህ ሰጠኸኝ። እሁድ ደግሞ አንተ ራስህ ተቀበልከኝ። ስቀህ ነው የተቀበልከኝ። እኔ ምን ላድርግ?»

ዶክተር እንዳልሆንኩ እንኳ አልነገርኳትም።

ጎረቤቶች በቃሬዛ አንስተው አስፋልት አደረሱት። ከዚያ በሚኒባስ ኦቶና ሆስፒታል አስገባነው። ሐኪሟ ደረቱን አዳምጣ «ዛሬ ባይመጣ ኖሮ...» ብላ ሳትጨርሰው ቀረች።

ያን ሳምንት መቀመጥ አቃተኝ። በመስኮቱ መድኃኒት ስሰጥ አንዱን ሦስት ጊዜ አስደግመዋለሁ። «ምን አልኩህ? እስኪ ድገምልኝ!» ሰዉ ተሰላቸብኝ። ስልኬ በጮኸ ቁጥር ከሆስፒታል መስሎኝ ዘልዬ አነሳዋለሁ።

በስምንተኛው ቀን ዳና በእግሩ ወጣ።

ማርታ ባለፈው ሳምንት መስኮቴ ላይ መጥታ ቆመች። ልትሰድበኝ መስሎኝ ተዘጋጀሁ። «እሁድ እኔ ልናገር። እኔን ይሰሙኛል» አለችኝ፣ በምታውቃት ጥቂት አማርኛ። ይቅርታ ልጠይቃት ስጀምር፣ «ተወው፣ ብቻ አንተም ና» ብላኝ ሄደች።

ትናንት ቤተክርስቲያን ውስጥ ቆማ በወላይትኛ ተናገረች። ዳና ከፊት ወንበር ተቀምጦ አንገቱን ይነቀንቃል። እሷ ቀስ ብላ፣ ሰዉን አንድ በአንድ እያየች ታወራለች። መጨረሻ ላይ አንድ ነገር ስትል ሰዉ ሁሉ ወደኔ ዞሮ በሳቅ ፈነዳ።

አጠገቤ የተቀመጡትን እናት «ምን አለች?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

«ሐኪም የሰጠህን ጨርስ። ሐኪም መልሶ ሲቀበልህ ግን ለምን ብለህ ጠይቀው፣ ነው ያለችው» አሉኝ፣ ዓይናቸውን እየጠረጉ።

እኔም ሳቅኩ... በጥርሴ ብቻ።