ከማገር የተሰቀለው ደብተር

ጎረቤቴ ለአጥር የሚሆን እርጥብ ቀርከሃ ሲሰነጥቅ ሽታው በመስኮት ገባና፣ ሳላስበው ባምባሲ አጠገብ ወደነበረው የሰፈራ መንደራችን ትምህርት ቤት ወሰደኝ። ግድግዳው ቀርከሃ፣ ዴስካችንም ቀርከሃ ነበር፤ መሬት ውስጥ በተተከለ ባላ ላይ የተረበረበ፣ እርሳስ በክፍተቱ የሚሾልክበት፣ ስንጽፍ ሲጥጥ የሚል።

የቤታችን ጣሪያ ያፈስ ስለነበር ደብተራችንን ክፍል ውስጥ እንድናሳድር መምህራችን ፈቀዱልን። ከወሎ የመጣነው ልጆች እናቶቻችን አገር ቤት እንደሚያደርጉት ከግድግዳው ሥር የጭቃ መደብ ሠርተን፣ በእበት ለቅልቀን፣ ደብተሮቹን በየትምህርቱ ለይተን እንደ ወታደር አሰለፍናቸው። ከጎኔ የምትቀመጠው የአገሬው የበርታ ልጅ፣ አሻ፣ የእሷን በቅል ከትታ ከማገሩ ላይ በገመድ ሰቀለችው። ደብተርሽ ዶሮ ነው እንዴ ቆጥ ላይ የሚያድር እያልን ሳቅንባት።

“መሬት ይበላል” አለች የገመዱን ቋጠሮ እያጠበቀች።

የስድስተኛ ክፍል ፈተና ሲቃረብ ከአጭር ዕረፍት ተመለስን። ደብተሮቹ እንደተውናቸው ተሰልፈዋል። የእኔን ሳነሳው ግን ክብደት አልነበረውም፤ ሽፋኑ ደህና፣ ውስጡ አፈር። ምስጥ ከመደቡ ሥር ገብቶ የዓመቱን ትምህርት ጨርሶታል። መማሪያ መጽሐፍ ስላልነበረን፣ ፈተናው ከእጃችን እንደወጣ ሁላችንም ገባን።

አሻ ገመዱን ፈትታ ቅሉን አወረደች። የሳቃችንን ብድር እስክትመልስ ጠበቅን።

“ቁጭ በል፣ ጻፍ” አለችን፤ ለወንድም ለሴትም አማርኛዋ አንድ ነበር።

በየተራ ገለበጥን። በኅዳጉ ላይ ከየሳይንስ ቃሉ ጎን የማላውቃቸው ቃላት በአማርኛ ፊደል ተጽፈው ነበር፤ የትምህርቱ ክፍል መስለውኝ እነሱንም ገለበጥኩ። ኋላ ብጠይቃት ለካ የቤቷ ቋንቋ ስሞች ናቸው፤ መምህሩ የሚያስተምሩት እንዳይጠፋባት እናቷን እየጠየቀች የጻፈቻቸው። ከዚያ ወዲያ ማን ያቁመኝ! ሥርን ምን ትሉታላችሁ፣ ሳንባንስ፣ ደመናንስ እያልኩ በጥናት ሰዓት ሳይቀር አሰለቸኋት።

ፈተናውን አለፍን። እኔ ለሰባተኛ ክፍል አሶሳ ገባሁ፤ አሻ ሆሞሻ ተዳረች፣ ዳግምም አላየኋት። ከቃላቷ የቀሩኝ ጥቂት ናቸው። ባለቤቴ በሕይወት ሳለ ሥራ ይዤ አንዱን ድንገት ስጠራ፣ “እሱ ደግሞ ምን ማለት ነው?” ይለኝ ነበር፤ ነግሬው ይረሳና በሌላ ቀን እንደ አዲስ ይጠይቀኛል። አሁንም ከአፌ ያመልጡኛል። ምን ማለት እንደሆኑ የሚጠይቀኝ ግን የለም።