የዳልቪና ጸጉርና የክለቡ በር
እትዬ ዳልቪና ዕድሜዋን ሙሉ በሳሎኗ የሰው ጸጉር በማድረቂያ ፎንና በመተኮሻ ፔስትራ ስታስተኛ ኖራ ሃምሳ ሞላት። በከተማችን በሳንቶ ዶሚንጎ፣ ከባሕሩ ዳርቻ ካለው የጭፈራ ክለብ በር የሚሰለፉት ቆነጃጅት ግማሾቹ ከእሷ እጅ የወጡ ናቸው። እሷ ግን አንድም ቀን ገብታ አታውቅም። ለልደቷ ቆረጠች፤ እሑድ አመሻሹ ላይ ትልቁ የሜሬንጌ ባንድ ይጫወታል፣ እሷም ትጨፍራለች። ያውም በከርዳዳ ጸጉሯ።

በሳሎኗ ጸጉር የማጥበው እኔ ለመንኳት።

«እትዬ፣ ትንሽ እንተኩሰው። እንደዚህ አያስገቡሽም።»

«ለምን? ጸጉሬን ከማንም አልተዋስኩት።»

ቀይ ቀሚሷን ለብሳ ወጣች። እኔም ተከተልኳት። በሩ ላይ በረኛው ዊልኪን ቆሟል፤ የሰፈራችን ልጅ ነው፣ ከሁለታችንም የጠቆረ፣ ሲጠይቁት ግን ጠይም ነኝ የሚል። ጸጉሯን አየና አንገቱን ደፋ።

«የግል ፓርቲ ነው፣ እትዬ።»

«የማን?»

«የግል ነው በቃ።»

ከኋላችን የነበሩት ቀያዮቹ ሳይጠየቁ ገቡ። ደሜ ፈላ።

ዝናቡ የመጣው ያኔ ነው። የእኛ አገር ሴት የተተኮሰ ጸጉሯን ውኃ ከሚነካባት ጫማዋን ብታጣ ይሻላታል። ፌስታል ያላት ፌስታሏን ራሷ ላይ አጠለቀች፣ የሌላት ቦርሳዋን ደፋች። ምን ዋጋ አለው፤ የሰልፉ ጸጉር ሁሉ ተነሥቶ ተጠቀለለ። ዊልኪን ማንን አስገብቶ ማንን እንደሚመልስ ጠፋው። ጠዋት የተኮስናትን ዮካስታን እንኳ «የግል ፓርቲ ነው» አላት።

«ባለፈው ሳምንት እጄን ይዘህ ያስገባኸኝ እኮ እኔ ነኝ» አለችው ዮካስታ።

ዳልቪና በሳቅ ፈረሰች። «ኑ ልጆቼ» ብላ የተመለሱትን ሁሉ ወደ መንገዱ ማዶ ነዳቻቸው። ቢራ የሚሸጠው የማዕዘኑ ሱቅ የሙዚቃ ስፒከሩን እስከ ጥግ ከፍቶታል። በረንዳው ሥር ቢራችንን ይዘን ከነእርጥብ ጸጉራችን ጨፈርን። እንደዚያ ቀን ተደስቼ አላውቅም።

መሐል ላይ ዳልቪና ጭፈራውን ትታ ወደ ዊልኪን ተሻገረች። ልትሰድበው መስሎኝ ሮጬ ደረስኩባት።

«አንተስ፣ በእረፍት ቀንህ ገብተህ ጨፍረህ ታውቃለህ?» አለችው።

ዊልኪን የጃኬቱን ውኃ አራገፈ። «እኔንም አያስገቡኝም፣ እትዬ።»

ዳልቪና ጠጋ አለችው። ከዚያ ኮሌታውን አስተካከለችለት።

«ሥራህን ስትጨርስ ና፣ አንድ ዘፈን አቆይልሃለሁ። እዚያ ማዶ በረኛ የለም።»