ዶክተር ሰርክና የማስተኛት ፈቃዷ

ዶክተር ሰርክ አዲስ አበባ ውስጥ ለዓመታት ጥርስ ስታክም ኖራ ነው ባሏን አምሃን ተከትላ ስቶክሆልም የመጣችው። እዚህ ስትደርስ ቋንቋ ተማረች፤ የምታውቀውን ሙያ እንደማታውቀው ሆና እንደገና ተፈተነች፤ በመጨረሻም ሰው አፍ ውስጥ መስታወት ማስገባት ተፈቀደላት። አሁን ሃግሴትራ፣ አረንጓዴው የቱነልባና፣ የምድር ውስጥ ባቡሩ፣ መስመር የሚያልቅበት አካባቢ፣ አንዲት ትንሽ የግል ክሊኒክ ውስጥ ትሠራለች። ደንብ አክባሪ ናት። መኪና ዝር በማይልበት መንገድ ላይ እንኳ መብራቱ አረንጓዴ እስኪሆን ቆማ ትጠብቃለች። አምሃ «ስዊድኖቹ አንቺን አይተው ያፍራሉ» ይላታል።

በአማርኛ የምታክም የጥርስ ሐኪም መኖሯ ከቅዳሴ በኋላ ተወራ። ወሬው ከሃግሴትራ ሲነሳ «አበሻ የጥርስ ሐኪም አለች» የሚል ነበር። ከተማውን አቋርጦ ዩልስታ ሲደርስ «አስተኝታ የምትነቅል አበሻ ሐኪም አለች» ሆነ።

ሰርክ ግን ማስተኛት አልተፈቀደላትም። ድድ ወግታ ማደንዘዝ ትችላለች። ከዚያ አልፋ፣ የፈራ ሰው በአፍንጫው ስቦ የሚረጋጋበትን፣ ስለሚያስቅም ስዊድኖች ሉስትጋስ፣ «የደስታ ጋዝ»፣ የሚሉትን ለመስጠት ሌላ ሥልጠናና ሌላ ፈቃድ ያስፈልጋታል። ጨርሶ መተኛት የፈለገ ደግሞ የማደንዘዣ ሐኪም ወዳለበት ሆስፒታል ሄዶ ወረፋ ይይዛል። ይህን ለመጣው ሁሉ አንድ በአንድ ታስረዳለች። ሰዉም በጥሞና ሰምቶ ሲያበቃ፣ «ገብቶኛል። ለእኔ ብቻ ትንሽ አድርጊልኝ» ይላታል።

ሰለቻትና ለጋዙ ፈቃድ አመለከተች። ፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት ከወራት በኋላ መለሰላት። አዲስ አበባ ሳለች በማረጋጊያ መድኃኒት መሥራቷን የድሮ ክሊኒኳ በማኅተም ያረጋግጥ አላት። ክሊኒኩ የነበረበት ሕንፃ ለኮሪደር ልማት ፈርሷል፤ ቦታው ላይ የብስክሌት መንገድና አበባ አለ። ይህንኑ ጻፈችላቸው። መልሱ በትሕትና የተሞላ ነበር፤ ክሊኒኩ አለመኖሩን ክሊኒኩ ራሱ በጽሑፍ ቢገልጽ በቂ ነው ይላል። ስልክ ደወለች። ያነሳላት ሰው ችግሯን በሚገባ ተረዳላት፣ አዘነላትም። ጉዳዩ ግን የእሱ ክፍል አልነበረም።

ጋሽ ባሕሩ የመጡት በዚህ መሃል ነው። ጋሽ ባሕሩ የዩልስታ ሰው ናቸው፤ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የቱነልባና ሹፌር ነበሩ። ግዙፍ ናቸው፤ ድምፃቸው ከድምፅ ማጉያ የሚወጣ ይመስላል። በደርግ ጊዜ በእግራቸው ሱዳን የገቡ፣ የቤተ ክርስቲያኑ እድር ሊቀመንበር የሆኑ፣ ማንንም የማይፈሩ ሰው ናቸው። ወንበሩ ላይ ተቀምጠው መርፌውን ሲያዩ ተነሡ።

«ልጄ፣ እኔን ማስተኛት ነው የሚያዋጣሽ» አሏት።

«ጋሽ ባሕሩ፣ ፈቃድ የለኝም። ሆስፒታል ልጻፍልዎት።»

«እዚያ ወረፋው መቼ ይደርሰኛል? ፈቃድ ማለት እኮ ሰው ሲመሰክርልሽ ነው። ለዚህ እኔ አለሁልሽ።»

«እባክዎ ምንም እንዳያደርጉ» አለቻቸው። እሳቸው ይህን እንደ ጨዋነት ቆጠሩት።

በሚቀጥለው እሑድ እድሩን ሰብስበው ማመልከቻ አስጻፉ። «ዶክተር ሰርክ እጇ ቀላል ነው። እሷ ጋ የተቀመጠ ሰው ከምቾቱ የተነሣ እንቅልፍ ሊወስደው ይደርሳል፤ ሕመም የሚባል አያውቅም። ስለዚህ ፈቃዱ ይሰጣት» ይላል። ጥርሳቸው ካለቀ ዓመታት ያለፏቸው እማማ ሸዋሉል ሳይቀሩ ሁሉም ፈረሙ። ጋሽ ባሕሩ ስዊድንኛውን እንደ ልብ ይናገሩታል፤ መጻፉ ላይ ግን እጃቸው ይከብዳል። ስለዚህ በስልካቸው አስተረጎሙት። ስልኩ ቅኔ አያውቅም። «ዶክተር ሰርክ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሁሉ ይተኛል፤ ሕመም አያውቅም። አሁን ፈቃድ ይሰጣት» ብሎ አሳጠረው። ከሥሩ ያ ሁሉ ፊርማ አለ።

ለወራት ያንቀላፋው መሥሪያ ቤት በሳምንቱ ነቃ።

ካሪን የምትባል የመሥሪያ ቤቱ ተቆጣጣሪ ሳታሳውቅ ክሊኒኩ ውስጥ ተገኘች። ረጅም፣ ጸጉሯን አጥብቃ ያሰረች፣ ድምፅዋን ከፍ የማታደርግ ሴት ናት። «ያለ ፈቃድ ሕመምተኞች እንደሚተኙ የጽሑፍ ምስክርነት ደርሶናል» አለች። ሰርክ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። በሕይወቷ አንድ ጊዜ እንኳ ያለ ትኬት ባቡር አልተሳፈረችም። ሕመምተኛ ሳይኖር ጓንት አጠለቀች። ካሪን ቁም ሣጥኖቹን ከፈተች። አንድ ሲሊንደር ጋዝ አገኘችና ፊቷ በራ። የሰርክ ረዳት ሚካል ለልጆች ፊኛ የሚነፋበት መሆኑን አስረዳቻት። ካሪን አመነች፤ ቢሆንም መዘገበችው።

ሚካል በጓዳ በኩል ወጥታ ለጋሽ ባሕሩ ደወለች። ከዩልስታ ሃግሴትራ ድረስ በሁለት ባቡር መጡ። ሲገቡ አንድ ጉንጫቸው አብጦ ፊታቸው ወደ አንድ ጎን ተዛንፏል።

«ማመልከቻውን የላክሁት እኔ ነኝ» አሉ በስዊድንኛ።

«እዚህ ወንበር ላይ ተኝተው ያውቃሉ?» ስትል ካሪን ጠየቀቻቸው።

«እንኳን እዚህ፣ ከዚህ ጥርስ የተነሣ ቤቴም አልተኛሁ።»

«ታዲያ ዶክተሯ ምን አደረገችልዎት?»

«ምንም። ፈቃድ የለኝም ብላ መለሰችኝ። ይኸው ጉንጬ፤ የፈቃዷን ቀን ነው የምጠብቀው።»

ካሪን ብዕሯን አስቀመጠችና ያበጠውን ጉንጭ አየች። ከዚያ ወደ ሰርክ ዞራ፣ «ይህ ጥርስ ዛሬውኑ መውጣት የለበትም?» አለች።

«አለበት። መርፌው ይበቃዋል፤ እሳቸው ፈቃደኛ አይደሉም።»

«ፈቃዷ መቼ ይመጣል?» አሉ ጋሽ ባሕሩ።

«እሱ የእኔ ክፍል አይደለም» አለች ካሪን። ይህን ስትል ለመጀመሪያ ጊዜ ትንሽ አፈረች።

ጋሽ ባሕሩ ሁለቱን ሴቶች እያፈራረቁ አዩና ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። ሰርክ ጓንቷን አውልቃ ወንበራቸው አጠገብ ተቀመጠች። «ጋሽ ባሕሩ፣ ምን ሆነው ነው መርፌውን እንዲህ የፈሩት?» ስትል በአማርኛ ጠየቀቻቸው። እስካሁን ማንም ይህን አልጠየቃቸውም ነበር። የመለሱት ግን በስዊድንኛ ነው፤ ካሪንም እንድትሰማ ይሁን፣ በአማርኛ ለማውራት ከብዷቸው ይሁን፣ አይታወቅም።

«ሱዳን፣ የስደተኛ ካምፕ ውስጥ ጥርሴን አመመኝ» አሉ። «ሐኪም ነኝ የሚል ሰው መርፌ ወጋኝ። መርፌው ውስጥ ያለው ውሃ ነበር። ሁለት ጓደኞቼ ትከሻዬን ያዙለትና በጉጠት ነቀለው። ደህናውን ጥርስ ነቀለ። የታመመውን በማግስቱ ደገመው።»

ሰርክ የማደንዘዣውን ብልቃጥ አንስታ ሰጠቻቸው። መነጽራቸውን አድርገው ስሙንም፣ የሚያበቃበትን ቀንም በጥንቃቄ አነበቡ፤ መልሰው ሰጧትና ተጋደሙ። «እንግዲህ የመንግሥት ሰው እያየች ይሁን» አሉ። ከዚያ እጃቸውን ወደ ጎን ዘረጉ። ሚካል ዕቃ ታቀብል ስለነበር የቀረበችው ካሪን ናት። ካሪን የተዘረጋውን እጅ አየችው፣ መመሪያዋን ያሰበች መሰለች፣ ከዚያ ያዘችው።

ቀላል አልነበረም። ጥርሱ ተሰብሮ ሥሩ ቀረ፤ ሰርክ በላብ ተጠመቀች። ጋሽ ባሕሩ ግን ድምፃቸውን አላሰሙም። ካሪን ናት አንድ ጊዜ አሟት «አይ» ያለችው፤ ጣቶቿ በእጃቸው ተጨምቀው ነጭ ሆነው ነበር። ሲያልቅ ሽማግሌው ጥጥ እንደነከሱ ለረጅም ጊዜ ጣሪያውን አዩ። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። ሰርክ ትከሻቸውን ያዘች።

የካሪን ሪፖርት በወሩ መጣ። ያለ ፈቃድ የተኛ ሕመምተኛ አልተገኘም፤ አንድ ሕመምተኛ ሙሉ በሙሉ ንቁ እንደነበሩ ተቆጣጣሪዋ በእጇ አረጋግጣለች ይላል። ሁለተኛው ገጽ ላይ ግን መሥሪያ ቤቱ ክሊኒኩን ወቀሰ። የወቀሰውም ለሚፈሩ ሕመምተኞች ሉስትጋስ ባለማቅረቡ ነው። የክሊኒኩ ባለቤት ወቀሳውን ሲያነብ ደነገጠና ሰርክን ያንኑ ሳምንት ሥልጠና አስመዘገባት። የፈረሰው ክሊኒክ ማኅተም ነገር ከዚያ ወዲያ አልተነሣም። ማን እንደተወው የሚያውቅ የለም፤ ሰርክም፣ በዚህ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ደንቡን አልጠየቀችም።

ፈቃዱ በጸደይ መጣ። ወሬው እንደገና ዩልስታ ደረሰ፤ ሰዉም እንደገና መጣ። ከመጀመሪያዎቹ አንዱ በቅርቡ ከአዲስ አበባ ለሥራ የመጣ ቶሌሳ የሚባል መሐንዲስ ነበር። ሰርክ አፍንጫው ላይ ጭምብሉን አደረገችለት። ቶሌሳ ጋዙን ሳበ፣ ሳበ፣ ዓይኑን ግን አልጨፈነም።

«ዶክተር፣ ሁሉ ነገር ይታየኛል» አላት። «አስተኝታ ትነቅላለች ብለውኝ እኮ ነው የመጣሁት።»

«ይህ የሚያረጋጋ ነው። ለማስተኛት ሌላ ፈቃድ ያስፈልጋል።»

ቶሌሳ ይህን ሰምቶ ከልቡ ሳቀ። በዚህ መልስ የሳቀላት የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው። ጋዙም ሠርቷል ማለት ነው።